ከኮንፈረንስ ውጪ ለሚደረጉ የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታዎች ተጋጣሚና ሜዳ እንዴት ይመረጣል?

እዚህ ላይ ፉትቦል ስንል በእጅ የሚያዘውን፣ የራስ ቁር ተደርጎ የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ፣ በኤፍቢኤስ፣ አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ወቅት 12 ጨዋታ ያደርጋል። ከነዚህ ውስጥ 8 ወይም 9 የሚሆኑትን ኮንፈረንሱ፣ ማለትም ቡድኑ የታቀፈበት የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር፣ ይደለድላል፤ ማን ከማን፣ የትና መቼ የሚለው ከትምህርት ቤቱ እጅ ውጪ ነው። የቀሩትን ሦስት ወይም አራት ጨዋታዎች ግን የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ራሱ ፈልጎ፣ ተደራድሮና ውል ፈርሞ ያመጣቸዋል። ይህ መመሪያ ስለነዚያ ጨዋታዎች ነው። ስፖርት አስተዳደር ለሚማር፣ በዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ለሚሠራ፣ ወይም «ቡድናችን ከነዚህ ጋር ምን አጋጠመው?» እያለ ለሚበሳጭ ደጋፊ ይጠቅማል።

ብዙ ሰው ሥራውን ከስም ይጀምራል፦ «አላባማን እንያዝ»፣ «ኦሃዮ ስቴትን እንጥራ»። ስም መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። በቅድሚያ የሚቆጠረው በሜዳዎ የሚደረገው ጨዋታ ብዛት ነው፤ ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ ገንዘቡ ይከተላል። እነዚህ ሦስቱ ሲያልቁ ለስም የሚተርፈው ክፍት ቦታ ከሚያስቡት በጣም ያነሰ ሆኖ ያገኙታል።

ደረጃ 1፦ በሜዳ የሚደረጉትን ጨዋታዎች ይቁጠሩ

ትልቅ ስታዲየም ያለው ዩኒቨርሲቲ በዓመት 7 ጨዋታ በሜዳው ማድረግ ይፈልጋል። የዓመት ትኬት ዋጋ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የምግብና የመጠጥ ሽያጭ፣ የለጋሾች መዋጮ፣ የከተማው ሆቴሎች ገቢ ሁሉም በዚህ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል። 6 ከሆነ በጀቱ ይጎድላል፤ 8 ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን በየዓመቱ አይገኝም።

አሁን ወረቀት ያውጡና የሚቀጥሉትን ስምንት ዓመታት በአንድ ዓምድ ይጻፉ። ኮንፈረንስዎ 8 ጨዋታ የሚያጫውት ከሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በየዓመቱ 4 በሜዳ፣ 4 ከሜዳ ውጪ ይሆናል። ከቀሩት 4 ክፍት ቦታዎች 3ቱን በሜዳዎ፣ 1ዱን ከሜዳ ውጪ አድርገው 7 ይሞላሉ። ኮንፈረንሱ 9 የሚያጫውት ከሆነ ግን ነገሩ ይጠብቃል። ቢግ ቴን እና ቢግ 12 የተባሉት ኮንፈረንሶች ለዓመታት በ9 ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ኤስኢሲም ከ2026 ጀምሮ ወደ 9 እንዲሄድ ወስኗል። ዘጠኝ ለሁለት እኩል አይከፈልምና አንዱ ዓመት 5 በሜዳ፣ ቀጣዩ 4 በሜዳ ይሆናል። አምስት በሚሆንበት ዓመት ከ3ቱ ክፍት ቦታዎች አንዱን ከሜዳ ውጪ መጫወት ይችላሉ። አራት በሚሆንበት ዓመት ግን ሦስቱም በሜዳዎ መሆን አለባቸው፤ ያለዚያ 7 አይሞላም።

አይዋ ይህን በንጽህና ይሠራል። ከጎረቤቱ ከአይዋ ስቴት ጋር በየዓመቱ ይጋጠማል። በ2023 በቢግ ቴን 5 የሜዳ ጨዋታ ስለነበረው ወደ አይዋ ስቴት ከተማ ወደ ኤምስ ሄዶ ተጫወተ፤ ዩታ ስቴትንና ዌስተርን ሚሺጋንን በሜዳው አስተናግዶ 7 ሞላ። በ2024 የቢግ ቴን የሜዳ ጨዋታው ወደ 4 ሲወርድ ኢሊኖይ ስቴት፣ አይዋ ስቴትና ትሮይ ሦስቱም ወደ ሜዳው ወደ አይዋ ሲቲ መጡ፤ አሁንም 7። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የደርሶ መልሱን የውጪ ጨዋታ 4 የሜዳ ጨዋታ ብቻ ባለበት ዓመት ላይ ያስቀምጠዋል። ስህተቱ የሚታወቀው ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ፣ የፈረመው ሰው ሥራ ለቆ ከሄደ በኋላ ነው።

አነስተኛ በጀት ላላቸው ትምህርት ቤቶች ስሌቱ ይገለበጣል። ለነሱ ጥያቄው «ስንት ጊዜ ወጥተን ገንዘብ ይዘን እንመለስ?» የሚል ነው። አንዱ ለበጀቱ ይጠቅማል። ሁለቱ ይቻላል፣ ግን የተጫዋች ጉዳት ይበዛል። ሦስት ከሆነ አሠልጣኙ የኮንፈረንስ ውድድሩን የሚጀምረው በቆሰለ ቡድን ነው።

ደረጃ 2፦ ደንቡን በወረቀቱ ጎን ይጻፉ

ይህ አጭር ነው፣ ግን አይዘለልም። ከመደበኛው ወቅት በኋላ ለሚደረገው የቦውል ጨዋታ ብቁ ለመሆን በመደበኛው 12 ጨዋታ 6 ድል ያስፈልጋል። ከአንድ ደረጃ በታች ካለው ከኤፍሲኤስ የሚመጣ ተጋጣሚን ማሸነፍ የሚቆጠረው በዓመት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ተጋጣሚው በስኮላርሺፕ በኩል የተቀመጠውን መስፈርት ካሟላ ነው። ስለዚህ ሁለት የኤፍሲኤስ ቡድን መያዝ አንዱን ድል እንደመጣል ነው። ኮንፈረንስዎ የራሱ ግዴታ ካለውም ይጻፉ፤ ኤስኢሲ ለምሳሌ አባላቱ ከኮንፈረንሱ ውጪ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ የታላላቆቹ ኮንፈረንሶች ቡድን ወይም በኮንፈረንስ ያልታቀፈውን ኖተርዳምን እንዲገጥሙ ይጠይቃል።

አንድ ልዩ ፈቃድም አለ። ወደ ሀዋይ ሄዶ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጫወተ ቡድን 13ኛ ጨዋታ መጨመር ይችላል። የበረራው ወጪ ከባድ ነው። ያንን 13ኛ ጨዋታ በሜዳዎ ካደረጉት ግን የአውሮፕላኑን ሂሳብ ይመልሳል።

ደረጃ 3፦ የተጋጣሚውን ዓይነት ይወስኑ፣ ስሙን ገና አይጥሩ

ለሦስት ክፍት ቦታ የተለመደው ድልድል አንድ እኩያ ወይም ከእርስዎ የሚበልጥ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ደግሞ ሊያሸንፉት የሚገባ ነው። አራተኛ ቦታ ካለ መካከለኛውን እጥፍ ያድርጉት።

ታላቅ ተጋጣሚ መያዝ ይበጃል ወይስ ይጎዳል? ከ2024 ጀምሮ ፕሌይኦፉ፣ ማለትም የአገሪቱን ሻምፒዮን የሚለየው የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ 12 ቡድን ይይዛል፤ አምስቱ ቦታ ለኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች የተጠበቀ ሲሆን ሰባቱን ኮሚቴ ይሞላዋል። ኮሚቴው የተጋጣሚን ጥንካሬ እንደሚመዝን ይናገራል። ውጤቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ኢንዲያና ከሉዊቪል ጋር የነበረውን ቀሪ ውል ሰርዞ በ2024 ፍሎሪዳ ኢንተርናሽናልን፣ ዌስተርን ኢሊኖይንና ሻርለትን በሜዳው አስተናገደ፤ 11 አሸንፎ 1 ተሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ። ቴክሳስ በ2025 የመክፈቻ ጨዋታውን ወደ ኮሎምበስ ሄዶ በኦሃዮ ስቴት 14 ለ 7 ተሸነፈ፤ ወቅቱን በ9 ድልና በ3 ሽንፈት ጨርሶ ከውጪ ቀረ። የቴክሳስ ሰዎች ጥፋቱን በኦሃዮ ስቴት ጨዋታ ላይ ያላክካሉ። በኛ ግምት የጎዳቸው በዚያው ዓመት በደካማው ፍሎሪዳ መሸነፋቸው ነው።

በሌላ በኩል ማያሚ በዚያው ሰሞን በሜዳው ኖተርዳምን 27 ለ 24 አሸነፈ። በመጨረሻ ሁለቱም 10 ድልና 2 ሽንፈት ይዘው ሲቀርቡ የቀረችውን ቦታ ማያሚ ወሰዳት፤ የኦገስት መጨረሻ ውጤት በዲሴምበር ፈረደ። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ ኮንፈረንስዎ 9 ጨዋታ የሚያጫውት ከሆነ ታላቅ ተጋጣሚ አንድ ብቻ ይያዙ፤ ሁለት መያዝ ድፍረት ሳይሆን የሂሳብ ስህተት ነው። ፕሌይኦፍ የማያስብ፣ 6 ድል አግኝቶ ቦውል መግባት የሚበቃው ቡድን ደግሞ አንዱንም ባይይዝ አይፈረድበትም።

ደረጃ 4፦ ተከፍሎት የሚመጣውን ቡድን በጥንቃቄ ይምረጡ

ሊያሸንፉት የሚገባው ተጋጣሚ በነፃ አይመጣም። ያለ መልስ ጨዋታ አንዴ መጥቶ ለመጫወት ክፍያ ይቀበላል። ዋጋው በፍጥነት ንሯል። በ2007 ሚሺጋን ለአፓላቺያን ስቴት የከፈለው 400,000 ዶላር ነበር። በ2022 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ለዚያው አፓላቺያን ስቴት 1.5 ሚሊዮን ከፈለ። ኦበርን በ2023 ለኒው ሜክሲኮ ስቴት 1.85 ሚሊዮን፣ ኖተርዳም በ2024 ለኖርዘርን ኢሊኖይ 1.4 ሚሊዮን ከፍለዋል። አንባቢ እንደጠረጠረው አራቱም ከፋዮች በገዛ ሜዳቸው ተሸንፈዋል፦ 34 ለ 32፣ 17 ለ 14፣ 31 ለ 10፣ 16 ለ 14። በገንዘብ የገዙት ሽንፈት ይሏል ይህ ነው።

ሂሳቡን እንዲህ ይሥሩ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ 60,000 ሰው በአማካይ 50 ዶላር ከፍሎ ቢገባ 3 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ለእንግዳው 1.4 ሚሊዮን፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለሌላው የዕለት ወጪ ግማሽ ሚሊዮን ቢቀነስ 1.1 ሚሊዮን ይቀራል። እንግዳው ታዋቂ ስላልሆነ መግቢያው በግማሽ ቢቀንስ ግን ገቢው ወደ 1.5 ሚሊዮን ይወርድና ኪሳራ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በ500 ማይል ርቀት ላይ ካለ የማይታወቅ ቡድን ይልቅ ደጋፊው በመኪና ሊመጣ የሚችል የክልል ጎረቤት የተሻለ ዋጋ አለው፤ እንግዳው በአውቶቡስ ከመጣም ከቻርተር አውሮፕላን የሚተርፈው ገንዘብ በድርድሩ ላይ ይታሰባል።

ስም ከመጥራትዎ በፊት አራት ነገር ያጣሩ።

አንደኛ፣ ቡድኑ በራሱ ደረጃ ምን ያህል ያሸንፋል? አፓላቺያን ስቴት በ2007 ወደ ሚሺጋን ሲመጣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት የኤፍሲኤስ ሻምፒዮን ነበር። ኖርዝ ዳኮታ ስቴትም በ2013 ካንሳስ ስቴትን፣ በ2016 አይዋን ያሸነፈው ተከታታይ ዋንጫ በሚያነሣበት ዘመን ነው። የታችኛው ደረጃ አለቃ ከላይኛው ደረጃ ጭራ ይበልጣል። በኤፍሲኤስ መካከል ያለውን ይፈልጉ።

ሁለተኛ፣ የጨዋታ ስልቱ ምንድን ነው? የጦርና የባሕር ኃይል አካዳሚዎቹን አርሚንና ኔቪን የመሰሉ፣ ኳሱን ሳይወረውሩ በሩጫ ደቂቃ የሚበሉ ቡድኖች በወታደራዊ ዲሲፕሊን ይጫወታሉ፤ ተከላካዮች ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚሆን የተለየ ልምምድ ማድረግ አለባቸው። በ2018 አርሚ ኦክላሆማን በሜዳው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ወስዶ 28 ለ 21 ተሸነፈ፤ በ2019 ሚሺጋንን ሁለት ተጨማሪ ሰዓት አስጨርሶ በ24 ለ 21 ነው የተረታው። በስም ቀላል የሚመስል፣ በሥራ ግን አድካሚ ተጋጣሚ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሉ የሚፈጸመው መቼ ነው? ተጫዋች በየዓመቱ ትምህርት ቤት በሚቀይርበት በዛሬው ጊዜ ከአራት ዓመት በኋላ የሚመጣው ቡድን ዛሬ የሚያዩት አይደለም። የክፍያ ጨዋታን ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት ርቀት በላይ አለመፈረም ይመረጣል። የታላላቆቹ ደርሶ መልስ ግን አሥር ዓመት ቀድሞ መፈረሙ የተለመደ ነው፤ ሌላ ክፍት ቀን አይገኝምና።

አራተኛ፣ እንግዳው ከእርስዎ ጨዋታ በፊት ዕረፍት አለው? ሁለት ሳምንት ሙሉ እርስዎን ብቻ ሲያጠና የከረመ ቡድን ከተከፈለው በላይ ይሠራል።

ደረጃ 5፦ የውሉን ዓይነት ይምረጡ

አራት መልክ አለ። እኩዮች ደርሶ መልስ ይፈራረማሉ። አንዱ ወገን ሲበልጥ ሁለት ለአንድ ይሆናል፤ ትልቁ ሁለቴ ያስተናግዳል፣ ትንሹ አንዴ። ፍሎሪዳና ሴንትራል ፍሎሪዳ የተስማሙት እንዲህ ነው፦ 2024 እና 2033 በጌንስቪል፣ 2030 በኦርላንዶ። ሦስተኛው የአንድ ጊዜ የክፍያ ጨዋታ ነው። አራተኛው በገለልተኛ ሜዳ የሚደረግ ነው።

ትንሽ ከሆኑ ሁለት ለአንድን ከመቀበልዎ በፊት የእርስዎ ተራ የትኛው ዓመት ላይ እንደሆነ ይመልከቱ። ትልቁ ሁለቱን አስቀድሞ አስተናግዶ ሦስተኛውን በመቀጫ ሊሰርዘው ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ የራስዎን ጨዋታ መሐል ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም የመጨረሻውን ጨዋታ መሰረዣ መቀጫ ከሌሎቹ ከፍ ማድረግ።

ደረጃ 6፦ ሜዳውን ይምረጡ

ገለልተኛ ሜዳ ያጓጓል። አትላንታ ከ2008 ጀምሮ የወቅቱን መክፈቻ ያስተናግዳል፤ ዳላስ አጠገብ ያለው የአርሊንግተን ስታዲየምም ከ2009 ጀምሮ ለዓመታት አስተናግዷል። አዘጋጁ ለሁለቱም ቡድን ጠቀም ያለ ገንዘብ ይሰጣል፤ ጣሪያ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ወጣት ተጫዋች የሚመለመልባቸው ጆርጂያና ቴክሳስም እዚያው ናቸው። በ2016 ቴነሲና ቨርጂኒያ ቴክ በብሪስቶል የመኪና ውድድር ሜዳ ሲጋጠሙ 156,990 ሰው ተመልክቷል።

ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። አዘጋጁ የሚያቀርብልዎትን ገንዘብ ከአንድ የሜዳ ጨዋታ ሙሉ ገቢ ጋር ያወዳድሩ፤ ከውጪ ጨዋታ ጋር ካወዳደሩት ሁልጊዜ ትርፍ ይመስላል። የዓመት ትኬት ገዥው ያቺ ጨዋታ ከጥቅሉ እንደወጣች ያያል። ተማሪው ርቆ ይቀራል። የከተማው ሆቴልና ምግብ ቤት አንድ ቅዳሜ ያጣል። ለዚህ ነው ብዙዎች ወደ ካምፓስ የተመለሱት፦ አላባማ ዓመታት በገለልተኛ ሜዳ ከከፈተ በኋላ ከቴክሳስ ጋር በ2022 ኦስቲን፣ በ2023 ተስካሉሳ ደርሶ መልስ ተጫወተ፤ ኮሎራዶና ኮሎራዶ ስቴትም የዴንቨሩን ስታዲየም ትተው ወደየራሳቸው ሜዳ ተመለሱ።

በገለልተኛ ሜዳ ከተስማሙ በወረቀት ላይ «ባለሜዳ» ማን እንደሆነ ያስጽፉ። የቴሌቪዥን መብቱ የሚሄደው ባለሜዳ ለተባለው ቡድን ኮንፈረንስ ነውና ይህ ቃል የማልያ ቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ወደ ሌላው ሜዳ ሲሄዱ የሚጣሩት ደግሞ እነዚህ ናቸው።

ከፍታ፦ የዋዮሚንግ ስታዲየም ላራሚ ውስጥ 7,220 ጫማ፣ ማለትም 2,200 ሜትር ላይ ነው፤ በኤፍቢኤስ ከሁሉ ከፍ ያለው። ለአዲስ አበባ ልጅ ቆላ ቢመስልም ከሜዳማ አገር ለሚመጣ ቡድን በአራተኛው ሩብ ላይ ትንፋሽ ያሳጣል። ቴክሳስ ቴክ በ2023 እዚያ ወጥቶ በሁለተኛ ተጨማሪ ሰዓት 35 ለ 33 ተሸንፏል።

ሰዓት፦ ከካሊፎርኒያ የሄደ ቡድን በምሥራቁ ጠረፍ እኩለ ቀን ላይ ሲጫወት ለሰውነቱ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። የማታ ጨዋታ ይጠይቁ፤ ውሳኔው የቴሌቪዥን ቢሆንም የመጠየቅ መብትዎን ውሉ ላይ ያስፍሩ።

ፀሐይ፦ ሴፕቴምበር ላይ በደቡብ የቀን ጨዋታ የሚያቃጥል ነው። በማያሚ ስታዲየም የባለሜዳው ወንበር ጥላ ውስጥ ሲሆን እንግዳው ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ስታዲየሙን ሲጎበኙ ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት ሂደው ራስዎ ይቁሙበት፤ በፎቶ አይታይም።

ወደ ውጭ አገር ከሆነ በደብሊን አየርላንድ ከ2022 ወዲህ በየዓመቱ የመክፈቻ ጨዋታ ይደረጋል። ስታዲየሙ ወደ 51,700 ሰው ይይዛል፤ የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ካምፓስ ስታዲየም ግማሽ ነው። የሚረሳው ግን ወረቀት ነው። በቡድኑ ውስጥ በተማሪ ቪዛ ያለ ተጫዋች፣ ለምሳሌ አውስትራሊያዊ ኳስ ረጋጭ፣ ወጥቶ ለመመለስ የጸና ቪዛና በትምህርት ቤቱ የተፈረመ የጉዞ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ይህን ነገር ሐበሻ አንባቢ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስም ዝርዝሩን ቢያንስ ስድስት ወር ቀድመው ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይስጡ።

ደረጃ 7፦ ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ

ሦስት ተስማሚ ተጋጣሚ ይዞ በመጥፎ ተራ መደርደር ዓመቱን ያበላሻል። የ2010ሩ ቨርጂኒያ ቴክ ለዚህ ማስረጃ ነው። በሌበር ደይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) ምሽት፣ በዋሽንግተን ዲሲ ጥግ በላንዶቨር ሜሪላንድ፣ ከቦይዚ ስቴት ጋር እስከ መጨረሻው ታግሎ 33 ለ 30 ተሸነፈ። አምስት ቀን ብቻ ቆይቶ ቅዳሜ ዕለት በሜዳው ከኤፍሲኤሱ ጄምስ ማዲሰን ጋር ተጋጥሞ 21 ለ 16 ተረታ። ተጋጣሚው ቀላል ቢሆንም ልምምዱ አልበቃም፤ እግርም ገና አላረፈም። የእሑድ ወይም የሰኞ ጨዋታ ከተቀበሉ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ክፍት ያድርጉት፤ ካልሆነ ቀላል የሚባል ሳይሆን በስልቱ የማያስቸግር ቡድን ያስቀምጡበት።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ በሩጫ የሚጫወተውን ቡድን ከዕረፍት ሳምንት በኋላ ወይም በመጀመሪያው ሳምንት ያድርጉት፤ ለልምምድ ሰፊ ጊዜ ያለው ያኔ ነው። ታላቁን ተጋጣሚ ከኮንፈረንስ መክፈቻው ጋር አያያይዙ። የኤስኢሲ ቡድኖች በኖቬምበር፣ ከባላንጣቸው ጋር ከሚጋጠሙበት ሳምንት ቀድሞ ቀለል ያለ ተጋጣሚ የማስገባት ልማድ አላቸው፤ ይሳቅባቸዋል እንጂ የተጎዱ ተጫዋቾችን ለማሳረፍ ይረዳል። ኮንፈረንስዎ ከፈቀደ ይኮርጁት።

የዓመቱንም ቅዳሜዎች ይቁጠሩ። ከሌበር ደይ ሰሞን እስከ ታንክስጊቪንግ ሰሞን (ኖቬምበር መጨረሻ) ያሉት ቅዳሜዎች አብዛኛውን ጊዜ 13 ናቸው፤ 2024ና 2025ን በመሰሉ ዓመታት 14 ይሆናሉ። በ13ቱ ዓመት ዕረፍት አንድ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ውሉን ይጻፉ

አብዛኛው ድርድር በሁለት የስፖርት ክፍል ዳይሬክተሮች የስልክ ጥሪ ይጀመራል፤ ውሉ ራሱ ሦስት አራት ገጽ ነው። የሚከተሉት ሳይኖሩ አይፈርሙ።

ቀኑ፣ እና ቴሌቪዥን ወደ ሐሙስ ወይም ዓርብ ሊያዛውረው የሚችል መሆን አለመሆኑ። የክፍያው መጠንና የሚከፈልበት ቀን፤ ከጨዋታው በኋላ በስንት ቀን ውስጥ? ለእንግዳው የሚሰጠው ትኬት ብዛት፣ ያልተሸጠው የሚመለስበት ቀን፣ ለሙዚቃ ባንዱ የሚያዘው ወንበር፤ ባንዱ በነፃ ካልተባለ ከትኬቱ ይታሰባል። ዳኞች ከየትኛው ኮንፈረንስ እንደሚመጡ። መቀጫው፦ ጨዋታውን የሰረዘ ወገን ስንት ይከፍላል? እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አይጻፉ፤ ቀኑ በቀረበ ቁጥር መቀጫው ይውጣ። ሦስት ዓመት ቀድሞ የሰረዘና በጁላይ የሰረዘ እኩል ሊቀጡ አይገባም፤ በጁላይ ሌላ ተጋጣሚ አይገኝም።

ኮንፈረንስ መቀያየር በበዛበት ዘመን አንድ አንቀጽ ግዴታ ሆኗል፦ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ቢገቡ ውሉ ያለ መቀጫ ይፈርሳል የሚል። ጆርጂያ በሴፕቴምበር 2023 ወደ ኦክላሆማ ሊሄድ ውል ነበረው፤ ኦክላሆማ ወደ ኤስኢሲ መግባቱ ሲቆረጥ ጨዋታው ተሰርዞ ጆርጂያ ቦል ስቴትን፣ ኦክላሆማ ኤስኤምዩን ተኩ።

ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ የሚለውን አንቀጽ ከሌላ ውል ቀድተው አይለጥፉ። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ቢቋረጥ እንደተደረገ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? እንግዳው ሜዳው ድረስ ከመጣ ስንት ይከፈለዋል? በ2018 ኔብራስካና አክረን ሊንከን ውስጥ የመጀመሪያዋን ምት መትተው ወዲያው መብረቅ መጣ፤ ጨዋታው ሳይቀጥል ቀረ። መብረቅ በአካባቢው በታየ ቁጥር የ30 ደቂቃው ቆጠራ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ማታ የሚጀመር ጨዋታ በዚህ መንገድ እኩለ ሌሊት ያልፋል። እንግዳው ማደሪያ ክፍል አስይዞ ካልሆነ እሑድ መጫወት አይቻልም። ስለዚህ ለዝናባማ ወቅት የሚቆይበት ሆቴል አንድ ሌሊት ተጨማሪ እንዲያዝ ውሉ ላይ ያስገቡ።

ደረጃ 9፦ ተተኪ በጎን ያዘጋጁ

ኮንፈረንሱ ሙሉ መርሐ ግብሩን ሲያወጣ፣ ብዙውን ጊዜ በአሜሪካ ክረምት መሐል (ጃንዋሪ ገደማ)፣ የዕረፍት ሳምንትዎን ይያዙና በዚያው ሳምንት ክፍት የሆኑ፣ በአውቶቡስ በአምስት ሰዓት ውስጥ የሚደርሱ ስምንት ያህል ቡድኖችን ይዘርዝሩ። ከመጨረሻው ጨዋታ ማግስት ያለውን ቅዳሜም ይጨምሩ፤ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ ያልደረሱ ቡድኖች በዚያ ቀን ነፃ ናቸው።

ይህ ዝርዝር ዋጋው የታየው በዚያው በ2018 ነው። ኔብራስካ ክፍት በነበረው ኦክቶበር 27 የኤፍሲኤሱን ቤቱን-ኩክማን ዩኒቨርሲቲ አስገባ። ፍሎረንስ የተባለው አውሎ ነፋስ ደግሞ የማርሻልን የሳውዝ ካሮላይና ጉዞና የቨርጂኒያ ቴክን የኢስት ካሮላይና ጨዋታ ሰረዘ። በዲሴምበር 1 ነገሩ ዞሮ ተገጣጠመ፦ ኔብራስካ ላይ ጨዋታ የቀረበት አክረን ወደ ሳውዝ ካሮላይና ሄደ፤ ማርሻል ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ሄደ። ቨርጂኒያ ቴክ 5 ድልና 6 ሽንፈት ላይ ነበር፤ ማርሻልን 41 ለ 20 አሸንፎ ስድስተኛውን ድል አገኘና ቦውል ገባ።

ዝርዝሩን በየዓመቱ ጁላይ ላይ ያድሱት፤ ከእያንዳንዱ ቡድን ጎን በዚያ ሳምንት ስልክ የሚያነሳውን ሰውና የሚጠይቁትን ዋጋ ይጻፉ። አውሎ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው የሚታወቀው፤ ለቅዳሜ ቻርተር ለማስያዝና ትኬት ለማተም የሚቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነው።